ፍቅረኛህ ከሞተርህ ላይ ለምን ወረደች?

መቼም ርዕሱን አይታችሁ «ዛሬ ደግሞ ማን ማንን ከዳ?» ብላችሁ መጣችሁ። አልፈርድባችሁም፣ እንዲህ ያለ ገጽ ያስለመዳችሁ እሱን ነው። የዛሬው ጉዳይ ግን ከልብ ወረድ ይልና ወገብ ላይ ያርፋል። የምናወራው ስለ ሞተር ብስክሌት ሾክ አብዞርበር ነው። ልጆቹ ባጭሩ «ሾክ» ይሉታል፣ የቆዩ መካኒኮች ደግሞ ከጣሊያን ወርሰው «አሞርዛተር»። «ኤጭ፣ ይሄማ የጋራዥ ወሬ ነው» ብለሽ ገጹን ልትገልጪ ያልሽ እህቴ ቆይ። ከኋላ የምትፈናጠጪው አንቺ ነሽና ነገሩ ከባለሞተሩ ይልቅ አንቺን ይመለከታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ገፈርሳ የሚኖር የ26 ዓመት ወጣት አለ። ቦክሰር የምትባለዋን ሞተር ይዞ ሳምንቱን ሙሉ ከቡራዩ ገፈርሳ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ሰፈሮቹ ዕቃ ያመላልሳል። ሲሚንቶ በሉት፣ የዶሮ መኖ በሉት፣ የለስላሳ ሳጥን በሉት፣ የማይጭነው የለም። እሁድ እሁድ ሞተሯን አጥቦ አሸዋ ሜዳ ያለችውን እጮኛውን ያፈናጥጥና ወደ ግድቡ አካባቢ ነፋስ ሊቀበሉ ይወጣሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ ተዋደው ቆዩ። ከዚያ ልጅቷ ድንገት «በታክሲ ልምጣ» ማለት ጀመረች። አንድ እሁድ፣ ሁለት እሁድ፣ አንድ ወር...

ወንድ ልጅ ደግሞ ታውቁታላችሁ። «መኪና ያለው አግኝታ ነው» አለ። ጓደኞቹም በእሳቱ ላይ ጋዝ ጨመሩበት። ስልኳን መበርበር፣ የገባችበትንና የወጣችበትን መጠየቅ መጣ። በመጨረሻ ልጅት አላስችል ሲላት «ወገቤን ገደልከው እኮ! ከአንተ ጋር በዋልኩ ማታ በጎኔ መተኛት አልችልም» አለችው። ሳቀ። ያመነው ግን አይመስለኝም፣ ምክንያቱም እሱ ራሱ አንድም ቀን አላመመውም።

ለማንኛውም ደስ ይበላት ብሎ ከኋላው ሾክ ሥር ያለችውን ማስተካከያ ቀለበት እስከ መጨረሻው አዞራት። «አጠነከርኩት» አለ። በሚቀጥለው እሁድ ሲመለሱ ዝናብ ጥሏል። አንዲት የኮብልስቶን መታጠፊያ ላይ ፍሬን ሲይዝ የኋላ ጎማው እንደ ፌንጣ ዘለለ፣ ተንሸራተተ፣ የውሃ ቦይ አፍ ላይ ደርሰው ቆሙ። ሰው አልተጎዳም። እሷ ግን ሦስት ሳምንት አላናገረችውም።

ሁለቱም ይሄን ያወሩኝ እየተሳሳቁ ነው። እኔ አልሳቅሁም። ልጁ የሠራውን ከአሥር ሞተረኛ ስንቱ እንደሚሠራው ለማወቅ አንድ ቀን ጋራዥ በር ላይ ቆሞ ማየት ነው። ሁሉም «ትንሽ አጥብቅልኝ» ይላል።

ሾክ አንድ ዕቃ ይመስለናል እንጂ ሁለት ነው። ከላይ የሚታየው ጥምዝምዝ ሞላ አለ፣ በሞላው መሐል ደግሞ ዘይት ያለበት ቱቦ አለ። ሞላው ሸክሙን ይሸከማል። ጉድጓድ ስትመቱ ይጨመቃል፣ የተጨመቀ ነገር ደግሞ መልሶ ይነጥራል። ሞላ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቡራዩ ላይ አንድ ጉድጓድ መትታችሁ እስከ ሆለታ እየነጠራችሁ በሄዳችሁ ነበር። ያንን ንጥረት የሚገራው ዘይቱ ነው። ቱቦው ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳ ያላት ፒስተን ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ዘይቱ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ እየተጋፋ ሲያልፍ የሞላውን ጉልበት ይበላዋል፣ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ዘይቱ ከፈሰሰ ወይም ፒስተኗ ከተበላች ሞላው ብቻውን ቀረ ማለት ነው፤ ልጓም የሌለው በቅሎ።

አሁን ያቺን ቀለበት አስቡ። ብዙዎቹ ሾኮች ላይ 5 ደረጃ አላት። የምትነካው ሞላውን ብቻ ነው፣ ዘይቱን አታውቀውም። ደግሞም ሰው እንደሚያስበው ሞላውን አታጠነክረውም። ቀድማ ትጨምቀዋለች፣ ሞተሯም ሸክም ሲበዛባት እንዳትቀመጥ ከፍ ታደርጋታለች፣ በቃ ሥራዋ ይሄው ነው። የዚያ ልጅ ሾክ ዘይቱን ከጨረሰ ቆይቷል። እሱ የሞተ ዘይት ላይ ሞላውን አስጨነቀው። ታዲያ ጎማው በየድንጋዩ መዝለሉ ይገርማል? ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ነው፣ ሞተሯን የሚያቆማት ግን መሬቱ ነው። አየር ላይ ያለ ጎማ ቢይዙት ባይዙት አንድ ነው።

ወገቧስ? ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ከሞላ ጎደል ከኋላ ጎማው አናት ላይ ነው ያለው። ዱላው መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሱ ነው። ነጂው ጉድጓዱን ያየዋል፣ እግሩ ላይ ይነሳል፣ መሪውንም ይደገፋል። የተፈናጠጠችው የምታየው የእሱን ጀርባ ነው። እና «እኔን አያመኝም» የሚል ባለሞተር ስለ ራሱ እውነቱን እየተናገረ ስለ እሷ ምንም አልተናገረም።

እንግዲህ ሾኩ መሞት አለመሞቱን ለማወቅ መካኒክ አያስፈልግም። ሞተሯ ቆማ ከኋላ በሁለት እጅ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። አንዴ ተነስታ ከረጋች ደህና ናት። ሁለቴ ሦስቴ ከተወዛወዘች ዘይቱ አልቋል። ቀጥሎ የምታበራዋን የብረት ዘንግ እዩ። ትንሽ እርጥበት አያስደነግጥም፤ ዘይት ከአቧራ ጋር ተላቁጦ ጥቁር ጭቃ ከሠራ ግን የዘይት ጎሚኒው ተቀዷል። እኔ ከሁሉም የምወደው ሦስተኛውን ነው፦ ኮብልስቶን ላይ 15 ወይም 20 ደቂቃ ነድታችሁ ስትቆሙ በእጃችሁ ጀርባ ሁለቱንም ቱቦዎች ቀስ ብላችሁ ንኩ። ሁለቱም ሞቅ ማለት አለባቸው፤ የሚሠራ ሾክ ይሞቃልና። አንዱ ሞቅ ብሎ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛው ደመወዝ እየበላ ሥራ የማይገባው ነው። የኋላ ጎማችሁ ጥርስ እንደ ማዕበል እዚህ ከፍ እዚያ ዝቅ ብሎ ከተበላ ደግሞ ሾኩ ዛሬ አይደለም የሞተው።

የእኛ ሰፈር ነገር ሾክ ይጨርሳል። ገፈርሳ በጋ አቧራ ነው፣ ክረምት ጭቃ ነው፣ ከአስፋልቱ ስትወርዱ ወይ ኮብልስቶን ወይ ድንጋይ ነው። ጭቃው ዘንጉ ላይ ይደርቅና በወጣ በገባ ቁጥር ጎሚኒውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ማታ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ምንም አያስወጣም። የመኪና እጥበት ፓምፕ ግን በቀጥታ እዚያ ላይ አታስደግኑ፣ ውሃውን ወደ ውስጥ ነው የሚያስገባው።

ወደ ግዢው እንምጣ። ቡራዩና ገፈርሳ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሥር ቢገቡም ለመለዋወጫ ሁላችንም መንገዳችን ያው መርካቶ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ፈቃድ የሌላቸው ሞተሮች እንዳይንቀሳቀሱ መከልከሏን የማያስታውስ ሞተረኛ የለም። ስለዚህ ሞተሯ ቤት ትቅር። አሮጌውን ሾክ ፍቱ፣ በጨርቅ ጠቅልሉ፣ በታክሲ ሂዱ። «የቦክሰር ስጠኝ» ብሎ ስም ብቻ ይዞ መሄድ ሞኝነት ነው፤ በአንድ ስም የተለያየ ሞዴል አለ።

ባንኮኒው ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አጋድሙ። ከላይኛው ቀዳዳ መሐል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሐል ያለው ርዝመት እኩል መሆን አለበት። የቡሎኑ ቀዳዳ ስፋትም እንዲሁ። እዚህ ላይ ለቄንጠኞቹ አንድ ነገር ልበል። ሞተሯ ኋላዋ ተነስቶ እንዲታይ ብላችሁ ረዘም ያለ ሾክ የምትገጥሙ ልጆች፣ ኋላዋ ሲነሳ ፊቷ ይደፋል፣ መሪው ይቀልና በፍጥነት ላይ ይቅበዘበዛል፣ የካቴናው ውጥረት ይለወጣል፣ ማቆሚያውም መሬት አልደርስ ይላል። ፎቶ ላይ ያምራል፣ እሺ። ቁልቁለት ላይ ግን ፎቶ አንሺ የለም።

የሞላውን ሽቦ ውፍረትም እዩ። በየቀኑ ኩንታል የሚጭን ሰው ወፈር ያለ ሞላ ቢፈልግ እውነት አለው። ብቻውን የሚሄድ፣ ቢበዛ እሁድ አንድ ቀጭን ልጅ የሚያፈናጥጥ ሰው ግን «ለጭነት የሚሆን» የተባለውን ቢገዛ ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ ይኖራል። ሻጩ ወፍራሙን ነው የሚያሞግሰው፤ እናንተ የራሳችሁን ሸክም አስቡ። ከዚያ አዲሱን ሾክ መሬት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ በደረታችሁ ተጫኑት። ሲመለስ ገታ እያለ መመለስ አለበት። «ቷ!» ብሎ ከተፈናጠረ ውስጡ ዘይት የለም፣ ማሸጊያው ምንም ያህል ቢያብለጨልጭ ኮፒ ነው።

ሱማሌ ተራ ያገለገለ ሾክ ይገኛል፣ ይረክሳልም። የመብራት ሽፋን፣ መከላከያ፣ መስታወት ከዚያ ብትገዙ ምንም አልልም። ያገለገለ ሾክ ግን ያገለገለ የጥርስ ብሩሽ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ የታሸገውን ቱቦ ሰርስሮ ዘይት ሞልቶ መበየድ ነው። የሞተር ዘይት ለዚህ አልተሠራም፣ ውፍረቱም አይሆንም። አንዳንዱ ሾክ ደግሞ በግፊት የታመቀ ጋዝ አለው፤ እሳት ሲነካው የሚሆነውን መበየጃውን የያዘው ልጅ ቢያስብበት ጥሩ ነው።

«አንዱ ብቻ ነው የሞተው፣ አንድ ልግዛ» የሚለው ጥያቄ የኪስ ጥያቄ ነውና አልቆጣም። ግን አይሆንም። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሲሆን የኋላ ጎማውን የያዘው ክንድ በአንድ ጎን ይጠመዘዛል፣ መታጠፊያ ላይ ኋላዋ ትዋኛለች። ብር ካልሞላ ጭነቱን ቀንሳችሁ፣ ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ ማፈናጠጡንም ትታችሁ ሁለቱን እስክትገዙ ጠብቁ። የልጁ እጮኛ በታክሲ መምጣቷ ለዚህ ጊዜ ትክክል ነበር።

ሲገጠም ሞተሯን በመሐለኛው ማቆሚያ አቁሙና ያልተነካውን ጎን እንደተገጠመ ትታችሁ አንዱን ፈትታችሁ አዲሱን ግጠሙ፤ ከዚያ ወደ ሌላው። እንዲህ ሲሆን አንዱ ክንዱን ደግፎ ስለሚይዝ ቀዳዳዎቹ አይሸሹም፣ ትግልም የለም። ዳዶው ይጥበቅ፣ ግን ጎሚኒውን እስኪያፈርጥ አይደለም።

ማስተካከሉ ላይ ሦስት ሰውና አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ያስፈልጋል። ሞተሯ ቆማ የኋላ ጎማው ከመሬት ሲነሳ ከጎማው መሐል ቡሎን ቀጥ ብሎ እስከ ወንበሩ ሥር ያለ አንድ ምልክት ለኩ። ከዚያ ማቆሚያው ይጠፍ፣ ነጂው ይቀመጥ፣ የምትፈናጠጠውም ትቀመጥ፣ ሦስተኛው ሰው እንደገና ይለካ። ልዩነቱ ጎማው በጠቅላላ ወደ ላይ ሊሄድ ከሚችለው መንገድ ሲሶ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ለምሳሌ ጠቅላላው 9 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 3 ያህል። ከዚያ በላይ ከሰጠመች አንድ ደረጃ ከፍ፣ ምንም ካልሰጠመች ዝቅ። «ለምን ይሰጥማል?» ትሉኝ ይሆናል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ወደ ታች የሚዘረጋበት ትርፍ ከሌለው መሬቱን ይለቃላ!

ቀለበቷ ግራና ቀኝ እኩል ደረጃ ላይ ትሁን። ማዞሪያው ከሞተሯ ጋር የሚመጣው መንቆር ያለው ቁልፍ ነው፤ በካቻቢቴና በመዶሻ የምትቀጠቅጡ ጥርሷን ትሰብሯታላችሁ። ደግሞ አንዴ ተስተካክሎ የሚተው ነገር አይደለም። ቅዳሜ ሁለት ኩንታል ስትጭን 5ኛው ላይ የነበረው እሁድ ለእሷ ሲሆን ወደ 2 ወይም 3 መውረድ አለበት። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ፀጉርህን ከምታበጥርበት ያንሳል።

ሦስት ሆናችሁ ለምትፈናጠጡት የሚሆን ደረጃ ግን ቀለበቷ ላይ የለም።

አዲስ ሾክ በተገጠመ በሳምንቱ ዳዶዎቹን እንደገና ሞክሩ፣ ኮብልስቶን ያላላቸዋል። የጎማውንም ንፋስ አስለኩ፤ ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ የአዲሱን ሾክ ሥራ መና ያስቀረዋል። የፊት እግሮቹ ውስጥም ዘይት እንዳለ አትርሱ። እሱን መካኒክ ሲቀይር አጠገቡ ቁሙና ለግራና ለቀኝ በተመሳሳይ መለኪያ እኩል መቅዳቱን እዩ፤ በዓይን ግምት ሊቀዳ ሲል ካያችሁት መለኪያ አምጡለት።