ስለ ወረቀት ባትሪና ስለ ጣና ደንገል

ቁንዝላ በጣና ሐይቅ ምዕራብ ዳርቻ የምትገኝ፥ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሻገረው ጀልባ የሚያርፍባት የወደብ ከተማ ናት። የሐይቁ ሰዎች በዳርቻው የሚበቅለውን ደንገል ከጥንት ጀምረው እያጨዱና እያደረቁ፥ በነዶ በነዶ አስረው ታንኳ ይሠሩበታል። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ከጥቂት ወራት በኋላ ይጣልና በሌላ ይተካል። የተጣለውም በስብሶ አፈር ይሆናል እንጂ ማንንም አይጐዳም። በገጠር ቤት አገልግሎቱን ጨርሶ ከሚጣለው ዕቃ መካከል ግን እንደ ታንኳው የማይበሰብስ አንድ አለ፤ ይኸውም የባትሪ ድንጋይ ነው።

ሕዝቡ በእጅ የሚያዘውን መብራት ባትሪ፥ በውስጡ የሚገባውን ደግሞ ድንጋይ ብሎ ሰየመው። ስሙ ጥሩ ስም ነው፤ ነገሩ ግን ድንጋይ አይደለም። ውጭው የዚንክ ቆርቆሮ፥ መካከሉ የከሰል ዘንግ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውም ጥቁር ዱቄት ማንጋኒዝ የሚባለው ማዕድን ከከሰል ብናኝና ከጨው ጋራ ተለውሶ የተበጀ ነው። ዚንኩ ቀስ በቀስ እየተበላ ሲሄድ ኤሌክትሪክ ይወጣል። ቆርቆሮው ሲሳሳ ደግሞ የውስጡ እርጥበት እየነጠበ ያገኘውን ብረት ሁሉ ያዝጋል። ይህን ጥቁር ዱቄት ሰባብረው እያወጡ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ማጥቆር በብዙ ገጠር የታወቀ ልማድ ነበረ። ዱቄቱን በባዶ እጃቸው የሚፈጩት ሕፃናት ስለ ሆኑ፥ ይህ ልማድ በቀረበት ስፍራ ሁሉ መልካም ሆኖአል፤ ባልቀረበትም ሊቀር ይገባል።

እንግዲህ ተጥሎ የሚበሰብስ ባትሪ ይገኝ ዘንድ በውጭ አገር ብዙ ሊቃውንት ሲደክሙ ቆይተዋል። ድካማቸውም ወደ ወረቀት መራቸው። ወረቀት ለባትሪ እንግዳ አይደለም። ኢጣሊያዊው አሌሳንድሮ ቮልታ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1800 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ባትሪ ሲያስታውቅ፥ የብርና የዚንክ ክብ ሰሌዳዎችን እየደራረበ በየመካከላቸው ያስገባው በጨው ውሃ የተነከረ ወፍራም ወረቀት ወይም ጨርቅ ነበረ። ዛሬም በብዙው የባትሪ ድንጋይ ውስጥ ዚንኩን ከጥቁሩ ዱቄት የሚለየው ስስ ወረቀት ነው። አዲሱ ነገር፥ ይህ በመካከል ቆሞ ሲያገለግል የኖረው ወረቀት ራሱ የባትሪው አካል መሆኑ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በነሐሴ ወር 2007 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት ያለው የሬንሴላር ፖሊቴክኒክ ተቋም ሊቃውንት፥ እነ ሮበርት ሊንሃርትና ፑሊኬል አጃያን፥ ከመቶው ከዘጠና እጅ በላይ ሴሉሎስ የሆነ ጥቁር ወረቀት ሠርተው የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚያከማች አሳዩ። ሴሉሎስ የሚባለው የአትክልት ሁሉ ግንድና ቅጠል የተሠራበት ጭረት ነው። ወረቀቱን ያጠቆረው ከጠጉር እጅግ የቀጠነ የከሰል ቱቦ ነው። ይህ ባትሪ እንደ ደብዳቤ ይታጠፋል፥ ይጠቀለላል፥ በመቀስም ይቈረጣል፤ ሥራውንም አይተውም። ነገር ግን የከሰሉ ቱቦ ዋጋው ከባድ፥ አሠራሩም ረቂቅ ስለ ሆነ፥ ለገበሬ ቤት የሚደርስ አልሆነም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፥ ማለት በ2009፥ በስዊድን አገር በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ አልበርት ሚህራንያንና ማሪያ ስትሩመ ከነጓደኞቻቸው ያደረጉት ሥራ ለሐይቅ ዳር ሰው ይበልጥ የሚቀርብ ነው። እነርሱ ጭረቱን ያወጡት ከዛፍ ሳይሆን በባሕር ዳር እየበዛ ከሚያስቸግር አረንጓዴ የውሃ ሣር ነው። ጭረቱን ኤሌክትሪክ በሚያሳልፍ ስስ ልባስ ለብጠው፥ በጨው ውሃ የነከሩትን ወረቀት በመካከሉ አድርገው ባትሪ ሠሩ። በ11 ሰከንድ ተሞላ፤ መቶ ጊዜም ተሞልቶ ሲፈስስ ከኃይሉ የጎደለው ከመቶው ስድስት ያህል ነበረ።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው ስለ እምቦጭ ያስባል። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጣናን ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ወርሮ ዓሣ አጥማጁንና ከብት አጠጪውን ስላስመረረ፥ ለአንድ ጥቅም ቢውል ደስ የማይለው የለም። እውነቱ ግን እንዲህ ነው። የስዊድኑ ሣር የተመረጠው አስቸጋሪ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ የአንዱ ግራም ጭረት ገጽ ቢዘረጋ ሰማንያ ካሬ ሜትር ያህል የሚሸፍን፥ ከሌሎች ሣሮች የተለየ ረቂቅ አካል ስላለው ነው። እምቦጭም ሆነ ደንገል ተቀቅሎ ወረቀት ሊወጣው ይችላል፤ ወረቀት መሆን ግን ባትሪ መሆን አይደለም። ወረቀቱ ጆንያ ነው፤ እህሉ ዚንኩና ልባሱ ነው።

ደንገሉማ እንኳን ለባትሪ ሊታጨድ ለታንኳም እየሳሳ ነው። ቀረሶና አምባዛ የሚራቡት በዳርቻው ሣር መካከል ነው፤ ከደጋው በጎርፍ የሚወርደውንም አፈር የሚያግደው ይኸው ሣር ነው። አባቶቻችን ደንገል በደጃቸው ሳለ መጻሕፍታቸውን በብራና መጻፋቸው ለደንገሉ ሳይበጀው አልቀረም።

ሦስተኛው ሥራ ከሁሉ የቀለለ፥ ለእርሻ ሠራተኛም ሊጠቅም የሚችል ነው። በ2022 በስዊስ አገር ኤምፓ በተባለው የምርምር ተቋም ጉስታቭ ኒስትሮምና ጓደኞቹ አንድ ካሬ ሳንቲሜትር የምታህል ባትሪ አሳዩ። ወረቀቷ በገበታ ጨው ተነክራ ደርቃለች። በአንድ ፊቷ በእርሳስ ውስጥ ያለው ዓይነት ጥቁር ግራፋይት፥ በሁለተኛው ፊቷ የዚንክ ዱቄት በቀለም መልክ ታትሞባታል። ደርቃ ሳለች ምንም አትሠራም። ሁለት ጠብታ ውሃ ሲነካት ግን ጨው ይሟሟል፤ ዚንኩም ከአየር ጋራ ይሠራል፤ በ20 ሰከንድም ውስጥ 1.2 ቮልት ትሰጣለች። የተራው የባትሪ ድንጋይ 1.5 ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ባትሪዎች አንድ ትንሽ የማንቂያ ሰዓት አሠሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረቀቷ ስለ ደረቀች ኃይሏ ደከመ፤ ዳግመኛ ውሃ ቢጨመርባት ከግማሽ ቮልት ሳትወርድ ሌላ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየች።

እንግዲህ የአንድ ሰዓት ባትሪ ቤት አያበራም፥ ውሃም አይስብም። የወረቀት ባትሪ ነው ብሎ ለመንደር መብራት እሸጣለሁ የሚል ነጋዴ ቢመጣ፥ የወረዳው ሹም አስቀድሞ ስንት ሰዓት እንደሚያገለግል ይጠይቀው። ለብዙ ኃይል ትልቁ ጎተራ ሐይቁ ራሱ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ ከዚሁ ምዕራብ ዳርቻ ውሃውን በዋሻ ወስዶ 460 ሜጋዋት ያህል ማመንጨት የሚችል ነው። ሽቦ ላልደረሰበት ቤት ደግሞ ዕለት ዕለት ከፀሐይ የሚሞላው ፋኖስ አለ።

የወረቀት ባትሪ ስፍራው ሌላ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ለሚጣል መሣሪያ፥ ለምሳሌ የከብት በሽታን በአንድ ጠብታ ደም ለሚመረምር፥ ወይም የአፈርን እርጥበት ለክቶ ለሚያስታውቅ፥ ከዚህ የሚሻል አይገኝም። ውሃ ሲነካው የሚነቃ መሆኑ ራሱ እንደ ዘበኛ ሊያገለግል ይችላል፤ በመጋዘን ጆንያዎች መካከል ቢቀመጥ፥ ዝናብ ሲያፈስስ እህሉ ሳይሻግት ምልክት ይሰጥ ነበር። ይህን መሞከር ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የማይከብድ ነው፤ ጨው፥ የዚንክ ዱቄትና ግራፋይት ከገበያ ይገኛሉና።

እስከዚያው ድረስ ግን በቁንዝላም ሆነ በሌላው የሐይቅ ዳር ወረዳ ያለቀው የባትሪ ድንጋይ ከመሣሪያው ውስጥ ቶሎ እንዲወጣ፥ ወደ ውሃም ወደ እሳትም እንዳይጣል፥ ክዳን ባለው ደረቅ ጣሳ ተሰብስቦ ሕፃናት ከማይደርሱበት እንዲቀመጥ፥ ጣሳውም ሲሞላ ከተማ ለሚሄደው ሠራተኛ ተቈጥሮ እንዲሰጥ ማድረግ የወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤት ሊሠራው የሚቻለው ነው።