የእግር ሹራብ ጥቅምና አሠራር

አንባቢ ሆይ፤ ስለ እግር ሹራብ፣ ማለት ስለ ካልሲ ለመጻፍ በተነሣሁ ጊዜ ጓደኞቼ መሳቃቸውን አልደብቅም። አንዱም «ሌላው ስለ አቶምና ስለ ጠፈር ሲጽፍ አንተ ስለ ካልሲ?» አለኝ። እኔ ግን ርእሱን የመረጥሁት ለቀልድ አይደለም። በደብረ ሲና ከተማ ቤት ተከራይተው ከሚማሩት የገጠር ልጆች አንዱ ነኝና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደ ወላጆቼ ቤት ወረድሁ። በእግሬ ያደረግሁት አዲስ የፕላስቲክ ጫማ ነበር፤ ካልሲ አልነበረኝም። ስወርድ ጣቶቼ ተላላጡ፤ እሑድ ስንቄን ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ደግሞ ተረከዜ ውኃ ቋጠረና ፈነዳ። ቁስሉ አመርቅዞ ሁለት ሳምንት ከትምህርት አስቀረኝ፤ የሒሳብ ፈተናም አመለጠኝ። አባቴ ከዚያ በፊት «ካልሲ የከተማ ሰው ጌጥ ነው» ይሉ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እንዲህ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

ካልሲ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዎች የእግር ሹራብ ይሉት ነበር፤ ዛሬም እንዲህ የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። የሚያስገርመው፣ ሹራብ የሚለው ቃል ራሱ በግብፅና በሱዳን ሕዝብ ዐረብኛ የእግር ሹራብ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ወደ ደረት ወጣና ደረት የሚሞቀውን ልብስ መጠሪያ ሆነ። ነገሩ ከቃሉም የቆየ ነው። በግብፅ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ከ1,500 ዓመት በላይ የቆዩ የሱፍ ካልሲዎች ተገኝተዋል፤ አውራ ጣቱ ለብቻው ሌሎቹ ጣቶች ለብቻቸው ተደርገው የተሠሩ ናቸው። እንዲህ የተሠሩት በነጠላ ጫማ ላይ እንዲደረጉ ነው፤ የእኛም በረባሶ የሚያደርግ ገበሬ ቢያገኛቸው አይጠላቸውም ነበር። በመኪና መሥራት የተጀመረው እ. ኤ. አ. በ1589 ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ የሹራብ መሥሪያ መኪና ባወጣ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ አገራችን መንገድ እንመለስ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማ በር፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቈፈረው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከደብረ ሲናም ቁልቁለቱን ይዞ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይደርሳል። በመኪና ለሚሄድ ሰው ይህ መልካም ትርኢት ነው። በእግሩ ለሚሄድ ተማሪና ነጋዴ ግን የእግር ፈተና ነው፤ ይኸውም በሁለት ምክንያት ነው። ቁልቁለት ሲወርድ እግር በጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተትና ጣቶቹ ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫሉ፤ ጥፍር እስኪጠቁር የሚያደርሰው ይህ ነው። ዳገት ሲወጣ ደግሞ ተረከዙ በየርምጃው ከፍ ዝቅ እያለ ይፋተጋል። በዚህ ላይ ማለዳ በብርድ የተጀመረው ጉዞ ቆላ ሲደርስ በላብ ያልቃል።

ለመሆኑ እግር ውኃ የሚቋጥረው እንዴት ነው? ብዙ ሰው ቆዳ ከላይ ስለ ተፋቀ ይመስለዋል። የተፋቀ ቆዳ ግን ይላላጣል እንጂ ውኃ አይቋጥርም። አንባቢ መዳፉን ጠረጴዛ ላይ ጫን አድርጎ፣ መዳፉ ሳይንሸራተት እጁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሞክር። ቆዳው በቦታው ተጣብቆ ሳለ በውስጥ ያለው አጥንት ሲሄድና ሲመለስ ይታወቀዋል። በጫማ ውስጥም የሚሆነው ይህ ነው። ጫማው ቆዳውን ይዞ ያስቀረዋል፤ አጥንቱ በየርምጃው ይሄዳል ይመለሳል፤ በመካከል ያለው የቆዳ ንጣፍ ይህን ጉተታ ሺህ ጊዜ ከተቀበለ በኋላ ይላቀቃል፤ ባዶውንም ስፍራ ፈሳሽ ይሞላዋል። ላብ ያራሰው ቆዳ ከደረቅ ቆዳ ይልቅ ይጣበቃልና ጉዳቱ ይበረታል። የሁለት እግር የላብ ዕጢዎች 250,000 ያህል ናቸው ስለሚባል፣ አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ጫማ ውስጥ ምን ያህል እርጥበት እንደሚጠራቀም መገመት አያስቸግርም።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተከራካሪ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ አላሸነፈምን?» ይለኝ ይሆናል። አዎን አሸንፏል። ከደብረ ብርሃን እምብዛም በማይርቀው በጃቶ የተወለደው አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ. ም. በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ሲፈጽም እግሩ ባዶ ነበር። ነገር ግን ባዶ እግሩን የሮጠው የተሰጠው ጫማ ለእግሩ ስላልተስማማው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በጠነከረ ውስጥ እግር መሮጥ፣ ከማይስማማ ጫማ ጋር ከመታገል ተሻለው። በጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ. ም. በቶኪዮ የተስማማው ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ገባ። እንግዲህ የአበበ ታሪክ የሚመሰክረው ጫማ አያስፈልግም ብሎ ሳይሆን፣ የማይስማማ ጫማ ከባዶ እግር የከፋ መሆኑን ነው። በእግርና በጫማ መካከል የሚያስማማ ሽማግሌ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ሽማግሌው ካልሲ ነው።

ለእግር ምቾት ተብሎ የሚሠራውን ካልሲ ገልብጦ የተመለከተ ሰው ተረከዙና ከጣቶች ሥር ያለው ክፍል እንደ ፎጣ በትንንሽ የክር ቀለበቶች የተሞላ ሆኖ ያገኘዋል። ምስጢሩ ያለው በእነዚህ ቀለበቶች ላይ ነው። መኪናው በክብ የተደረደሩ መርፌዎች አሉት፤ መርፌዎቹ በአንድ ጊዜ ሁለት ክር ይወስዳሉ። አንደኛው ክር ቀጭንና ጠንካራ፣ ብዙ ጊዜም ናይሎን ሆኖ የካልሲውን ገላ ይሠራል። ሁለተኛው ወፍራምና ለስላሳ ክር ነው፤ ይህ ክር በሚሠራበት ጊዜ በመርፌዎቹ መካከል ያሉ ስስ ብረቶች ሳብ እያደረጉ ያረዝሙታልና ወደ ውስጥ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። አጥንቱ ወደ ፊት ሲሄድ ቀለበቶቹ አብረው ወደ ፊት ይተኛሉ፤ ሲመለስም ይመለሳሉ። ስለዚህ ቆዳ ይቀበለው የነበረውን ጉተታ ክሩ ይቀበልለታል። ከዚህም በላይ ሰው ሲራመድ እያንዳንዱ እግር ከሰውነቱ ክብደት የሚበልጥ፣ ሲሮጥም ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን ጫና ይሸከማል፤ ቀለበቶቹ ይህን ጫና በሰፊው ያካፍሉታል። የስኳር በሽታ ስሜቱን ላጠፋበት እግር እንዲህ ያለው ካልሲ ቁስል ከሚያስከትል ጫና እንዲጠብቅ ተብሎ የሚሠራው ለዚህ ነው።

የካልሲው ቅርጽም ቀላል ነገር አይደለም። ተረከዝ የሌለው፣ እንደ ከረጢት ቀጥ ብሎ የተሠራ ካልሲ ቁርጭምጭሚት ላይ ይጨማደዳል፤ እያንዳንዱ ጭምዳድ በጫማ ውስጥ እንደ ጠጠር ነው። የጣት መዝጊያው ስፌት ጐልቶ ከሆነ በቁልቁለት ላይ ትንሿን ጣት ይቈርጣል፤ እኔ እንዲህ ያለውን ካልሲ ገልብጬ አደርገዋለሁ፣ የሚስቅም ይሳቅ። በአፉ ላይ ያለው ላስቲክ ካልሲው እንዳይወርድ የሚበቃ እንጂ ማታ ሲያወልቁት እግር ላይ ጠልቆ የሚታይ ቦይ የሚተው መሆን የለበትም። ደግሞም ወፍራም ካልሲ ስፍራ ይፈልጋል። ጠባብ ጫማ ላይ ወፍራም ካልሲ ያደረገ ሰው ምቾትን ሳይሆን ጫናን ጨመረ፤ ስለዚህ ጫማ ሲገዙ ካልሲውን አድርጎ መለካት ይገባል። ከገበያ መልስ የሚጸጸት ብዙ ሰው አይቻለሁ።

ከምን ይሠራ? በዚህ ላይ ብዙ ክርክር አለ። ጥጥ ለእጅ ለስላሳ ነው፤ ላብን ግን ጠጥቶ ይይዛል፤ ሲርስም ቀለበቶቹ ይተኛሉ፣ ካልሲውም ይከብዳል። ናይሎንና አክሪሊክ የተባሉት በፋብሪካ የሚሠሩ ክሮች ውኃ ብዙም አይጠጡም፤ እርጥበቱን ወደ ውጭ ያሳልፋሉ። እ. ኤ. አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ የእግር ሐኪሞች በረጅም ርቀት ሯጮች ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ የአክሪሊክ ካልሲ ካደረጉት ይልቅ የጥጥ ካልሲ ያደረጉት ብዙና ሰፋፊ ውኃ ቋጠሩ። እነዚሁ ሐኪሞች በ1993 ምርመራውን ተራ ድልዳል ባላቸው ካልሲዎች ሲደግሙት ግን በጥጥና በአክሪሊክ መካከል ልዩነት አላገኙም። እኔ ከዚህ የተረዳሁት፣ የክሩ ዐይነት ብቻውን እንደማይበቃና ቀለበቶቹ በርከት ብለው ጥቅጥቅ ማለት እንዳለባቸው ነው።

የበግ ጠጉር ከሁለቱም የተለየ ጠባይ አለው። ከራሱ ክብደት ሲሶ የሚያህል እርጥበት በውስጡ ይዞ እንኳ ለእጅ ርጥብ ሆኖ አይታወቅም። ተፈጥሮው የተጠማዘዘ ስለሆነ ሲጫኑት ተኝቶ አይቀርም፤ ይነሣል። ለጣርማ በር ብርድም ለቆላ ላብም ይሆናል ማለት ነው። ይህ ጠጉር ደግሞ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከጣርማ በር ተገንጥሎ ወደ መዘዞና ወደ ሞላሌ የሚሄደው መንገድ ወደ መንዝ በግ አገር ያደርሳል። የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጉር ባናና ዝተት ሲሠራ ኖሯል፤ በ1950ዎቹ በደብረ ብርሃን የተቋቋመው ፋብሪካም ከሱፍ ብርድ ልብስ ሲሠራ ቆይቷል። ከዚህ ሁሉ ጠጉር እግራችን ያገኘው ድርሻ ግን ጥቂት ነው።

ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺሕኛ 30 እጅ በላይ የሆነ ጠጉር ጫፉ አይታጠፍምና ቆዳን ይወጋል፤ ሜሪኖ የተባለው የውጭ አገር በግ ጠጉር ግን ከ24 እጅ በታች ስለሆነ ይታጠፋል። እናቴ ከቁስሌ በኋላ የበግ ጠጉር ፈትለው ሰጡኝ፤ ሹራብ መሥራት የምታውቅ እኅቴም ተረከዙንና ከጣት ሥር ያለውን ክፍል ክሩን በእጥፍ እያደረገች አንድ ጥንድ ካልሲ ሠራችልኝ። ሙቀቱ ግሩም ነበር፤ ማሳከኩ ግን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እግሬን ከመምህሩ ሰሌዳ ይበልጥ እንዳስብ አደረገኝ። ከዚያ ከሥሩ ስስ የገበያ ካልሲ ማድረግ ጀመርሁ፤ ማሳከኩም ቀረ። ያገኘሁት ነገር አዲስ እንዳልሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። እ. ኤ. አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ የባሕር ወለድ ጦር ምልምሎች ላይ በተደረገ ምርመራ፣ ከውስጥ ስስ የፖሊስተር ከላይ ወፍራም ሱፍ የተቀላቀለበት ካልሲ ያደረጉት ወታደሮች ውኃ መቋጠር ቀንሶላቸዋል። ሁለቱ ካልሲዎች እርስ በርሳቸው ይንሸራተታሉና ቆዳው ያርፋል።

ካልሲ ከውኃ መቋጠር ለከፋ ነገር የሚያስፈልግበት ስፍራም በአገራችን አለ። ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት አንዱ ዐይነት በትንኝ የሚመጣ አይደለም። ዝናም በሚበዛበት ደጋ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር፣ በባዶ እግር ለብዙ ዓመት በሚሄዱ ሰዎች ቆዳ በኩል ገብቶ የሚያስከትለው በሽታ ነው። በኢትዮጵያ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ በሽታ አለባቸው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተካፈሉበትና ውጤቱ እ. ኤ. አ. በ2018 የታተመ ምርመራ ነበር። ሕክምናው እግርን በየቀኑ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው፤ ይህን ወዲያው የጀመሩት ሰዎች፣ ገና ተራቸውን ከሚጠብቁት ይልቅ እግርን የሚያቃጥለውና ከአልጋ የሚያውለው ሕመም ቀነሰላቸው። ለእነዚህ ሰዎች ካልሲው አፈሩን ይከለክላል፤ ባበጠውና በቀላሉ በሚላላጠው ቆዳና በጫማው ስፌት መካከልም ይገባል። ጌጥ ነው የሚል ቢኖር እነርሱን ይጠይቅ።

የሱፍ ካልሲ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው የቀረኝ ስለ አጠባ ነው። የበግ ጠጉር በጉልሕ መነጽር ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ሽፋን አለው፤ በሙቅ ውኃ ውስጥ ሲፈትጉት ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ካልሲው ይኮማተራል፤ ዳግመኛም አይመለስም። ስለዚህ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ፣ በጥቂት ሳሙና፣ ሳይፈትጉ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ አጥቦ በጥላ ማስጣት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ እኅቴ የሠራችልኝን በፈላ ውኃ አጠብሁት። አሁን የሚያደርገው የስድስት ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ነው።