ክንዱ ላይ ንቅሳት ያለው ካፒቴን

ፓይለት መሆን የሚመኝ፣ ግን ታቱ ያለበት ወጣት ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ «ይሄ ክንዴ ላይ ያለው ነገር ያስቀረኝ ይሆን?» መልሱን ለማግኘት የአብራሪነት ፈቃድንና የአየር መንገድ ቅጥርን ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

ፈቃዱን የሚሰጠው የየአገሩ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። እሱን የሚያሳስበው ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብና የአእምሮ ጤና ነው። በአሜሪካ ሐኪሙ በሚሞላው የፓይለቶች የጤና ምርመራ ቅጽ ላይ ንቅሳት የሚመዘገብበት ቦታ አለ። እዚያው ላይ ጠባሳም ይጻፋል፤ ሁለቱም የመለያ ምልክቶች ናቸውና። ሐኪሙ የት እንዳለና ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ ጽፎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ንቅሳት በራሱ ፈቃድ አያስከለክልም።

ጣጣው ያለው ቀጣሪው ዘንድ ነው። እዚህ ላይ ንቅሳትን ከጺም ጋር ማነጻጸር ነገሩን ያጠራዋል። አውሮፕላኑ ከፍታ ላይ ሳለ የውስጡ የአየር ግፊት ድንገት ቢወርድ፣ አብራሪው በሰከንዶች ውስጥ የኦክስጅን ጭምብል ማጥለቅ አለበት። ጺም በጭምብሉና በቆዳው መካከል ክፍተት ይፈጥራል የሚል ስጋት ስለነበረ ብዙ አየር መንገዶች ከልክለውት ኖረዋል። ኤር ካናዳ ጉዳዩን በሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 አጭር ጺም ፈቀደ። ክልከላው ትክክል ሆነም አልሆነ፣ የሚመረመር ምክንያት ነበረው። ንቅሳትን ግን ቤተ ሙከራ የሚያስገባው ነገር የለም፤ በረራው ላይ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለምና። ክልከላው የመጣው ከተሳፋሪው ዓይን ነው።

ታሪኩ ወደ 1930ዎቹ ይወስደናል። ያኔ ፓይለት ሲባል በሰው ልብ የሚመጣው የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሻሽ አንገቱ ላይ የጠመጠመ ደፋር ጎረምሳ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ማድነቅ ይቻላል፤ ልጆችን ይዞ ከኋላው መሳፈር ግን ሌላ ነገር ነው። በሁዋን ትሪፕ የሚመራው የአሜሪካው ፓን አም በውኃ ላይ የሚያርፉ ትልልቅ አውሮፕላኖች ነበሩት፤ አብራሪዎቹንም የባሕር ኃይል መኮንን አስመስሎ አለበሳቸው። ጠቆር ያለ ኮት፣ ወርቃማ መስመር፣ ነጭ ባርኔጣ። ዛሬ ካፒቴኑ አራት፣ ረዳት አብራሪው ሦስት መስመር የሚያደርጉት ከዚያ በወረሱት ልማድ ነው። እንግዲህ የደንብ ልብሱ ገና ከመጀመሪያው ተሳፋሪን ለማረጋጋት የተሰፋ ነው።

የሚገርመው፣ የደንብ ልብሱ የተወሰደው ከመኮንኖቹ እንጂ ከተራው መርከበኛ አለመሆኑ ነው። መርከበኞች በንቅሳት የታወቁ ነበሩ። የእንግሊዙ ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ1769 ታሂቲ ሲደርስ ከሰዎቹ አንዳንዶቹ እዚያ ተነቅሰው ተመልሰዋል። «ንቅሳት የዝቅተኛ ሰው ነው» የሚለው የቆየ አመለካከት አብሮ ወደ ኮክፒት ሳይገባ አልቀረም ባይ ነኝ።

ያው ኩክ በዚያው ጉዞ የደረሰባት ኒው ዚላንድ ናት ክርክሩ የጦፈባት። የአገሬው ሕዝብ ማኦሪ ‹ታ ሞኮ› የሚሉት ንቅሳት አላቸው፤ ድሮ እንደ መሮ በተሠራ የአጥንት መሣሪያ ቆዳውን እየተመቱ ይቀርጹት ነበር። የሰውየው የዘር ሐረግና ጎሳ የሚነበብበት ነው። ኤር ኒው ዚላንድ ከ1973 ጀምሮ በአውሮፕላኖቹ ጭራ ላይ የሚስለው ‹ኮሩ› የተባለ ጥምዝ ቅርጽም ከማኦሪ ጥበብ የመጣ ነው። ይሁንና ይኸው አየር መንገድ የሚታይ ንቅሳት ያለበትን ሠራተኛ የደንብ ልብስ አያለብስም ነበር። በ2013 ለበረራ አስተናጋጅነት ያመለከተች አንዲት ማኦሪ፣ ክንዷ ላይ ታ ሞኮ እንዳለ ስትናገር ቃለ መጠይቁ ተቋረጠባት። ጭራ ላይ ሲሆን ጌጥ፣ ክንድ ላይ ሲሆን ነውር! ቅሬታው ዓመታት ቆይቶ በ2019 እንደገና ሲነሳ አየር መንገዱ ደንቡን ለወጠ፤ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ ታ ሞኮም ሆነ ሌላ ሰውን የማያስቀይም ንቅሳት እንዲታይ ፈቀደ። ለታ ሞኮ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም መፍቀዱ ብልህነት ይመስለኛል፤ ያለዚያ የቅጥር ክፍሉ የየሰዉን ንቅሳት ትርጉም ሲመረምር ሊውል ነው።

ሌሎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። የእንግሊዙ ቨርጂን አትላንቲክ በ2022 ፈቀደ፤ ፊትንና አንገትን ግን አስቀረ። ኤሚሬትስ ለበረራ አስተናጋጅነት የሚያመለክቱ ሰዎች የደንብ ልብስ ለብሰው የሚታይ ንቅሳት እንዳይኖራቸው ይጠይቃል፤ በሜካፕ ወይም በፋሻ መሸፈንንም አይቀበልም። በእኛ በኩል ካየነው፣ ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አንገታቸው ላይ ዙሪያውን የተነቀሱ የደገኛ እናቶች የቨርጂንን ለዘብተኛ ደንብ እንኳ አያልፉም ነበር።

ስለዚህ ለወጣቱ ከሥዕሉ ይልቅ ቦታው ይወስናል። ክንድ ላይ ያለውን ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ይሸፍነዋል። እጅ፣ አንገትና ፊት ግን መሸሸጊያ የላቸውም። በሌዘር ማስጠፋት ይቻላል፤ በሳምንታት ልዩነት ብዙ ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል፤ ከባለ ቀለሙ ይልቅ ጥቁሩ ይቀላል። ከመነቀስ በፊት የሚያመለክቱበትን አየር መንገድ ደንብ ማንበብ ግን ከዚህ ሁሉ ይረክሳል።