ሶለል፦ የሕዝብ በዓል በሕዝብ እጅ

ባህል ጥቂት አዋቂዎች በጓዳ ተቀምጠው የፈጠሩት ጌጥ አይደለም። ሕዝብ መሬቱን ሲያርስ፣ ከብቱን ሲጠብቅ፣ እህሉን ሲወቃ፣ ልጁን ሲያሳድግና ሙቱን ሲቀብር ባሳለፈው ረጅም ዘመን ከሥራውና ከኑሮው ጋር አብሮ ያበጀው የጋራ ሀብት ነው። ስለዚህም አንድን በዓል በትክክል ለመረዳት የሚፈልግ ሰው የአለባበሱን ውበትና የዜማውን ጣዕም ብቻ ተመልክቶ ማለፍ አይገባውም። በዓሉ በየትኛው ወር ይውላል? ማን ይደግሰዋል? ማን ይዘፍንበታል? ድካሙስ በማን ጫንቃ ላይ ይወድቃል? ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። በሰሜን ወሎ፣ በራያ ቆቦ ቆላ፣ በቆቦና በሮቢት አካባቢ የሚከበረው ሶለል ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

እንደሚታወቀው ነሐሴ 1 ቀን የሚገባው የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ነሐሴ 21 ቀን ድረስ ልጃገረዶች በየሰፈራቸው ተሰባስበው ይወጣሉ። ይኸው በዓል በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ፣ በአክሱም ዓይኒ ዋሪ፣ በራያ ቆቦ ደግሞ ሶለል ይባላል። ስሙ በየአካባቢው ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። ልጃገረዶች ሹርባ ተሠርተው፣ ተኩለውና የክት ልብሳቸውን ለብሰው ከበሮ ይዘው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ ባለቤቱን ያወድሳሉ፤ እርሱም ካለው ይሰጣቸዋል። የአሸንድዬና የሻደይ ስያሜም ልጃገረዶቹ በወገባቸው ከሚያስሩት ረጅም ለምለም ሣር ጋር የተያያዘ ነው።

እዚህ ላይ በቀላሉ ሊታለፍ የማይገባው ጉዳይ ወሩ ነው። ነሐሴ በራያ ቆላ ማሽላው ገና በማሳ ላይ ያለበት፣ የአምናው እህል ከጎተራ የሚጎድልበት፣ ገበሬው ሰማዩን እያየ የሚጨነቅበት ወቅት ነው። አዝመራው የሚሰበሰበው ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው። እንግዲህ በጥቅምትና በኅዳር ከተትረፈረፈው መስጠት አንድ ነገር ሲሆን፣ በነሐሴ ካነሰው ላይ ቆንጥሮ ለልጃገረዶች መስጠት ሌላ ነገር ነው። ለአሥራ አምስት ቀናት ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ የተለየው ገበታ ሲሞላም ያለው የሌለውን ጎረቤት ይጠራል። የሶለል ማኅበራዊ ትርጉም ከሁሉ በላይ የሚገለጸው በዚህ ነው። መዝናኛ ብቻ ሳይሆን፣ በችግር ወር ኅብረተሰቡን እርስ በርሱ የሚያስተሳስር ገመድ ነው።

ይሁን እንጂ ዓለም ይህን ምድር ያወቀው በከበሮው አልነበረም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ፣ ኋላም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ከዚያው ከራያ፣ ከኮረም መጠለያ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የተሰራጨው ዘገባ የአካባቢውን ስም ከረሃብ ጋር አቆራኝተውታል። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ ታላላቅ ስታዲየሞች የዓለም ከያንያን ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ዘፈኑ። የተገኘው ርዳታ የሚናቅ አልነበረም። ነገር ግን የተራበው ሕዝብ ምስል በየአገሩ ሲታይ የራያ ከበሮ አልተሰማም። ባቲና አምባሰል የተባሉትን ቅኝቶች በስሙ ያስጠራ፣ ትዝታን ያንጎራጎረ ወሎ፣ በዓለም ፊት ድምፅ እንደሌለው ተቆጠረ። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ቡድን ወደ ውጭ አገር የተጓዘው ለተደረገው ርዳታ ምስጋና ለማቅረብና ይህንኑ ምስል ለመለወጥ ጭምር ነበር።

የቅርቡ ዘመን ፈተናም ከዚህ የቀለለ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ቆቦና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ ነበሩ። በዓመቱም፣ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ለአምስት ወራት የቆየው የተኩስ ማቆም ፈርሶ በቆቦ አቅጣጫ ውጊያው እንደገና ተቀሰቀሰ፤ ነሐሴ 21 ቀን የመንግሥት ጦር ከቆቦ ከተማ መውጣቱ ተገለጸ። አንባቢ ቀኖቹን ልብ ይበል። እነዚህ የሶለል ቀኖች ናቸው። ከበሮ ሊሰማባቸው በሚገባቸው ቀናት የተሰማው የመድፍ ድምፅ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢፈረምም፣ ከዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ሌላ ግጭት ገጥሞታል። ከዚህ የምንረዳው ሰላም ለባህል ከውጭ የሚጨመር ማዳመቂያ ሳይሆን የሕልውናው መሠረት መሆኑን ነው። ልጃገረድ ከጎረቤት ጎረቤት ያለ ሥጋት መዞር ካልቻለች ሶለል የሚባል ነገር የለም።

ባህልን ማደራጀት ሲባል ያለፈውን ልምድም መመርመር ያስፈልጋል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ ማኅበራት ካደራጀ በኋላ በየቀበሌው የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። በወሎም የላሊበላ የኪነት ቡድን ዝናን አትርፏል። ብዙ ተሰጥዖ ያላቸው ወጣቶች ከበሮና ማሲንቆ፣ መድረክና ተመልካች ያገኙት በዚያ መንገድ እንደነበር ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ግጥሙ ከላይ የሚታዘዝ፣ ጭብጨባውም ግዴታ በሆነበት ቦታ ሁሉ ሥራው የትእዛዙን ዕድሜ ያህል ብቻ ኖረ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ አብዛኞቹ ቡድኖች አብረው ተበተኑ። ሶለል ግን አልተበተነም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያቋቋመው ደብዳቤ ስላልነበረ የሚያፈርሰውም ደብዳቤ አልተገኘም።

ዛሬም ተመሳሳይ ስሕተት እንዳይደገም መጠንቀቅ ተገቢ ነው። በአዳራሽና በአደባባይ በዓሉን ማድመቅ መልካም ነው፤ እንግዳ ይጋብዛል፤ ለነጋዴውና ለሆቴል ሠራተኛውም ገቢ ያስገኛል። ሆኖም ልጃገረዶቹ ለተከበሩ እንግዶች ለጥቂት ደቂቃ የሚታዩ ትርዒተኞች ብቻ ሆነው ከቀሩ፣ የሰፈሩ ከበሮ በድምፅ ማጉያ ከተዋጠ፣ ከቤት ወደ ቤት የመዞሩ ልማድ ከቀረ፣ የበዓሉ ቅርፅ ተጠብቆ ይዘቱ ጠፋ ማለት ነው።

ሌላው ትኩረት የሚሻው ጉዳይ የሴቶች ድካም ነው። የምንደሰትበት እንጀራ በሌሊት ተጋግሯል፤ ጠላው ከቀናት በፊት ተጠምቋል፤ ወጡ በጭስ መካከል ተሠርቷል። በዓሉ የልጃገረዶች ነፃነት ነው እያልን እናቶቻቸው ከምድጃ ሳይነሡ ከበሮውን በሩቁ የሚሰሙ ከሆነ ነፃነቱ ጎዶሎ ነው። እንዲሁም ልጅቷን በሶለል ሳምንት «ንግሥት» ብሎ አወድሶ፣ በጥር ያለ ዕድሜዋ መዳር ባህልን ማክበር አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመትን ወስኗል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ጎጂ ልማዶችን ከልክሏል፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ ባህልን የመጠበቅ ኃላፊነትን በመንግሥት ላይ ጥሏል። ሁለቱ አንቀጾች አይጣሉም። የሚጠቅመውን ይዞ የሚጎዳውን መጣል የነቃ ኅብረተሰብ ተግባር ነው።

እንግዲህ የቀበሌ ነዋሪው፣ የእድር አባሉና ሠራተኛው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ፣ ወንዶች በበዓሉ ቀናት ውኃ መቅዳቱን፣ እንጨት መፍለጡንና እንግዳ ማስተናገዱን ይካፈሉ። ሁለተኛ፣ ወጣቶች ልጃገረዶች ሲዞሩ ከመተንኮል ተቆጥበው አጃቢና ጠባቂ ይሁኑ። ሦስተኛ፣ ዜማውን የሚያውቁ አሮጊቶች በሕይወት ሳሉ ድምፃቸው ይቀረጽ፣ ግጥሙ ይጻፍ፤ ለትምህርት ቤት ልጆችም ይሰጥ። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. ያጸደቀችው የማይዳሰሱ ቅርሶች ዓለም አቀፍ ስምምነት ለቅርሱ ባለቤት ማኅበረሰብ ተሳትፎ ትልቅ ቦታ ይሰጣል። መስቀል በ2006፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዓለም መዝገብ ሰፍረዋል። ነገር ግን መዝገብ የሚመሰክረው በሕይወት ላለው ነገር ነው፤ የሞተውን አያስነሣም።

ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ጎዳና በሮቢት የሚያልፍ መንገደኛ ነሐሴ ላይ የሚያየው አረንጓዴ ማሽላ ነገ እሸት፣ ከነገ ወዲያ እንጀራ ይሆናል። ለዚህ ግን ዝናብ፣ ጉልበትና ሰላም ያስፈልጉታል። ሶለልም እንዲሁ ነው። የአራሹን ጉልበት፣ የእናቲቱን እጅ፣ የልጃገረዲቱን ድምፅና የጎረቤትን ልግስና አንድ ላይ ይፈልጋል። እነዚህ እስካሉ ድረስ ረሃብም ጦርነትም ከበሮውን ለዘለቄታው ዝም ሊያሰኙት አይችሉም። እንዲኖሩ ማድረግ ደግሞ የሁላችን ሥራ ነው።