«ሞቷል» የተባለ ኮምፒዩተር ሁሉ አልሞተም

ስለ አሮጌ ኮምፒዩተሮች እንድጽፍ የተጠየቅሁት ከማንም የተሻለ ስለማውቅ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ኤሌክትሪካል ምህንድስና ልማር ነበር፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ ነው የተሰደድኩት። የቀረውን የተማርኩት እዚሁ ካኩማ፣ የኮምፒዩተር ክፍላችን ውስጥ ነው፤ አብዛኛውንም እያበላሸሁ።

በመጀመሪያ ያበላሸሁትን ልንገራችሁ። ከአሜሪካ በእርዳታ የመጡ ፔንቲየም 3 እና ፔንቲየም 4 ኮምፒዩተሮች ከካርቶን እንደወጡ ተማሪዎቹ ከበውኝ «ቲቸር፣ ይከፈት! ይከፈት!» ይላሉ። እኔም ቸኩዬ ሰካሁት። ጧ! ብሎ ጭስ ከኋላው ወጣ፤ ክፍሉ በሙሉ ተቃጥሎ ሸተተ። በብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ጀርባ፣ የመብራት ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ትንሽ ቀይ ማብሪያ መሳይ ነገር አለች። ወዲህ ስትሆን 115፣ ወዲያ ስትሆን 230 ይላል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኬንያ ግን 240። 115 ላይ እንዳለ እዚህ ከሰካችሁት እጥፍ ቮልት ይገባበታል። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ ኮምፒዩተር ሲደርሳችሁ ገመዱን ሳትሰኩ ያቺን ቀይ ነገር እዩ፤ 115 ላይ ከሆነች በካቻቢቴ ጫፍ ወደ 230 ግፏት። ከሌለችም የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ፤ 100-240 ወይም 220-240 ካላለ አትሰኩት።

ያ ኮምፒዩተር ግን አልሞተም ነበር። የተቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው። ማዘርቦርዱ ከተበላሸ ሌላ ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ፈተን ገጠምንለትና ተነሣ። የሚገርመው፣ ሁለቱን የሠሯቸው ኩባንያዎች የተለያዩ ናቸው። የአንዱ ዕቃ ለሌላው እንዴት ልክ ሆነ?

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በ1981 አይቢኤም 5150 የተባለውን ፒሲ ሲያወጣ ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ብዙውን ዕቃ ከሌሎች ኩባንያዎች ገዝቶ ነው የገጣጠመው። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል 8088 ነበር፤ ፍጥነቱ 4.77 ሜጋኸርዝ፣ ትንሹ ራሙ ደግሞ 16 ኪሎባይት ብቻ። የውስጡን ሰርኪዩት የሚያሳይ መጽሐፍም አሳትሞ ሸጠ። ሌሎቹ ኩባንያዎች ይህን አይተው ከእርሱ ጋር የሚስማማ ኮምፒዩተር መሥራት ጀመሩ። በ1995 ደግሞ ኢንቴል ኤቲኤክስ የሚባል የጋራ ልክ አወጣ፤ የብሎን ቀዳዳው የት እንደሚሆን፣ የፓወር ሰፕላዩ ሶኬት ምን እንደሚመስል የተወሰነው በዚህ ነው። (ተጠንቀቁ፣ ሶኬቱ አንድ ሆኖ የሽቦው አደራደር የተለየ ኮምፒዩተርም አለ። ከመግጠማችሁ በፊት የሽቦዎቹን ቀለም ተራ በተራ አመሳክሩ።)

ዛሬ ያንን 5150 ልክ እንደ ድሮ ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎች በውጭ አገር አሉ። እኛም እንሰበስባለን፤ የኛ ግን ለመደርደሪያ አይደለም፣ ከሁለት ሙት አንድ ሕያው ለማውጣት ነው።

አንድ ጊዜ ሰባት ኮምፒዩተሮች «አይሠሩም» ተብለው ከሚወገዱ ዕቃዎች ዝርዝር ገቡ። ሰባት ኮምፒዩተር ማለት ለኛ ብዙ ነው፤ በአንዱ ላይ ሦስት ተማሪ ነው የሚቀመጠው፤ ማውሱን ሁልጊዜ የሚይዙት ደግሞ ወንዶቹ ናቸው። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ እኔ እኮ እስካሁን የነካሁት ወንበሩን ብቻ ነው» ብላኝ ትምህርቱን ትታ ነበር። እሷንና ሁለት ጓደኞቿን ጠርቼ «ከመወሰዳቸው በፊት እንክፈታቸው» አልኳቸው።

መጀመሪያ አቧራውን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጠረግን። የካኩማን አቧራ ታውቁታላችሁ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ነው የሚተኛው። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ኮምፒዩተሩ ራሱን ያጠፋል፣ ሰው ግን «ተበላሸ» ይላል። አንዱ በዚህ ብቻ ዳነ።

ሁለቱ ሲከፈቱ ጢጥ፣ ጢጥ ከማለት በቀር ስክሪናቸው ጨለማ ነበር። ይህ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ የራም ችግር ምልክት ነው። ገመዱን ነቅላችሁ፣ እጃችሁን የኮምፒዩተሩን ብረት አስነክታችሁ (በሰውነታችን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ራም ይገድላል) ራሙን አውጡት። ወርቃማ ጥርሶቹን በተራ የእርሳስ ላጲስ ቀስ ብላችሁ አሹ፣ ፍርፋሪውን አራግፋችሁ ቀጭ እስኪል መልሱት። ልጅቷ ይህን ስታደርግ ስክሪኑ በራ። ጩኸቷ ጎረቤት ክፍል ድረስ ተሰማ።

አንዱ ደግሞ ሲከፈት ቀኑን ይረሳል፣ ሃርድ ዲስኩንም አያገኝም ነበር። ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ እሷ ስታልቅ ኮምፒዩተሩ ቀኑንም የተነገረውንም ይረሳል። ባትሪዋን ቀይረን ቅንብሩን መለስንለት።

በቀሩት ሦስት ላይ ካፓሲተሮቹ አብጠው ነበር። ካፓሲተር ማለት ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ትንንሽ ጣሳ የቆሙት ናቸው፤ ጭንቅላታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ የቀሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ይህ በሽታ አለባቸው። መቀየር ይቻላል፦ ማይክሮፋራዱ አንድ ዓይነት፣ ቮልቱ እኩል ወይም በላጭ፣ መስመር ያለበት እግር በኔጌቲቭ በኩል። ግን በደንብ መበየድ ይፈልጋል፤ እኔ አንዱን ማዘርቦርድ አቃጠልኩት። ሦስቱን ለዕቃ ፈታናቸው። ስለዚህ ከሰባቱ አራቱ ተነሡ።

የተፈቱት ራማቸው ለቀሩት ተረፈ። አሮጌ ኮምፒዩተር ለማፍጠን ከሁሉ በፊት ራም ጨምሩ፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ በ128 ሜጋባይት ይጎተታል፣ በ512 ግን ይሮጣል። ነገር ግን ራም ሁሉ አንድ አይደለም። ባለ 168 ጥርሱ ኤስዲራም ከታች ሁለት ቦታ የተቆረጠ ነው፣ ባለ 184ቱ ዲዲአር አንድ ቦታ ብቻ። አልገባ ካለ አትታገሉት፣ ቦታው አይደለም ማለት ነው። ኤክስፒን ማይክሮሶፍት ከ2014 ጀምሮ ስለማይጠግነው ለጽሑፍና ለታይፒንግ እንጂ ለኢንተርኔት አትጠቀሙበት።

ሁለት ነገር ግን አትክፈቱ፦ ፓወር ሰፕላይንና ትልቁን ባለ መስታወት ሞኒተር። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ውስጣቸው ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል። ፓወር ሰፕላዩን እንዳለ አውጥታችሁ ቀይሩት፣ ሞኒተሩን ለባለሙያ ስጡ።

ልጅቷ አሁን ራሷ ያስነሣችው ኮምፒዩተር ላይ ትቀመጣለች፣ ማውሱንም ለማንም አትሰጥም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉን ከፍተን እንጠግናለን። ሁለት ቦታ የተቆረጠ ራም ወይም ያላለቀ ሲአር 2032 ባትሪ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይዛችሁልን ኑ።