ስለ መንገደኛ ቡናና ስለ ማፍያ ኩባያው

ቡና ተቀምጠው የሚጠጡት መጠጥ ነው። ምጣዱና ሙቀጫው፥ ጀበናውና ረከቦቱ፥ ከሰሉና ዕጣኑ በአንድ ስፍራ ካልተሰበሰቡ በወጉ አይፈላም፤ ጠጪውም ከአቦል እስከ በረካ ሳይቸኩል መጠበቅ አለበት። ዳሩ ግን ሰው ሁልጊዜ በቤቱ ተቀምጦ አይውልም። ጎሕ ሳይቀድ ወደ ሥራው የሚገሠግሠው፥ በባቡርና በአውቶቡስ ረጅም መንገድ የሚሄደው፥ በሐኪም ቤት የሌሊት ተራ የደረሰው፥ በሰው አገር በጠባብ ክፍል ብቻውን የሚያድረው ሁሉ ቡና ይሻል፤ ጀበና ተሸክሞ ግን ሊዞር አይችልም። ለእንዲህ ያለው ሰው ተብሎ የተሠራ አንድ ዕቃ አለ፤ ይኸውም ፍሬንች ፕሬስ የሚባለውን የቡና ማፍያ ከጉዞ ኩባያ ጋራ አዋሕዶ የያዘ ነው። ይህን ዕቃ ከገዙት ሰዎች አንዳንዶቹ ጥቂት ቀን ከሠሩበት በኋላ «ቡናው ይመራል» እያሉ በመደርደሪያ ጥግ ይተውታል። መምረሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱ ቡናው ሳይሆን ዕቃው በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ እንዲሠራ መደረጉ ስለ ሆነ፥ ይህ ከታወቀ መላው ቀላል ነው።

ቡናን ስንቅ አድርጎ መጓዝ በኢትዮጵያ ምድር የቆየ ነገር ነው። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ በኢትዮጵያ ሲመላለስ ያየውንና የሰማውን በ1790 (እዚህ የተጻፉት ዘመኖች ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፉ፥ ረጅም መንገድ የሚሄዱ የኦሮሞ ሰዎች ቡናውን ቆልተው ካደቀቁ በኋላ በቅቤ ለውሰው፥ እንደ ኳስ ድቡልቡል አድርገው በቆዳ ከረጢት ይይዙ እንደ ነበር ጽፏል። አንዱ ድቡልቡል ለአንድ ቀን ጉዞ ብርታት ይሰጥ ነበር ይላል። ይህ ብልሃት ውኃም እሳትም አይፈልግም፤ ቡናው ይበላል እንጂ አይጠጣም። በ1938 ኔስሌ የተባለው የስዊስ ኩባንያ ኔስካፌን ለገበያ ካወጣ ወዲህ ደግሞ በሙቅ ውኃ የሚሟሟው ቡና የመንገደኛ ሁሉ ስንቅ ሆነ። ፈጥኖ በመድረስ የሚወዳደረው የለም። ሆኖም በፋብሪካ አንድ ጊዜ ፈልቶ የደረቀ ቡና ስለ ሆነ፥ የይርጋ ጨፌን ከሐረር የሚለየው መዓዛ እንደ ነበረ ሆኖ ከጠጪው ዘንድ አይደርስም። ገበሬው ቀዩን ፍሬ ብቻ ለይቶ በእጁ ሲለቅም፥ አስጥቶም ቀን ሙሉ ሲያገላብጥ የሚደክመው ለዚህ መዓዛ ነውና፥ የተቆላውን ቡና ራሱን ይዞ በመንገድ ላይ ማፍላት የሚያስችል ዕቃ ቢፈለግ አያስደንቅም።

ፍሬንች ፕሬስ ምንም እንኳ በፈረንሳይ ስም ቢጠራ አባቱ አንድ ብቻ አይደለም። በ1852 ሜየርና ዴልፎርዥ የተባሉ ሁለት የፓሪስ ሰዎች፥ በዘንግ ጫፍ ላይ ማጥለያ አድርጎ ወደ ታች በመግፋት ቡናውን ከአተላው የሚለይ ዕቃ አስመዘገቡ። የዚህ ዓይነት ዕቃ ችግሩ በዳር በኩል ነው፤ ማጥለያው ከዕቃው ግድግዳ ጋራ በትክክል ካልገጠመ አተላው ሾልኮ ወደ ላይ ይወጣል። በ1929 አቲልዮ ካሊማኒና ጁልዮ ሞኔታ የተባሉ ኢጣልያኖች ዛሬ የሚታወቀውን የሚመስለውን አስመዘገቡ፤ በ1958 ደግሞ ፋሊዬሮ ቦንዳኒኒ የተባለው ሰው ይበልጥ አሻሽሎ፥ በፈረንሳይ አገር ክላርኔት የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ይሠራ በነበረ ፋብሪካ መሠራት ጀመረ። ትንፋሽ የማያሾልክ መሣሪያ መሥራት የለመደ እጅ አተላ የማያሾልክ ማጥለያ ቢሠራ የሚገባ ነው።

ሙቀት የሚጠብቀው የኩባያው ግድግዳ የመጣው ከሌላ ወገን ነው። ጄምስ ዴዋር የተባለው ሌላው የስኮትላንድ ሊቅ በ1892 በለንደን እጅግ የቀዘቀዙ ፈሳሾችን ለመጠበቅ ሲል፥ ግድግዳው ድርብ የሆነና በመካከሉ ያለው አየር የተመጠጠለት ዕቃ ሠራ። ይህንኑ ጀርመኖች በ1904 ቴርሞስ ብለው ሰየሙት፤ በኢትዮጵያ ፔርሙስ የሚባለው እርሱ ነው። እንግዲህ የጉዞ ማፍያ ኩባያው የእነዚህ የሁለቱ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

አሠራሩ ሲታይ ለኢትዮጵያዊ ጠጪ ባዕድ አይደለም። ወፈር ብሎ የተፈጨ ቡና በኩባያው ውስጥ ይደረጋል፤ ሙቅ ውኃ ይፈስበታል፤ አንድ ጊዜ ይማሰላል፤ አራት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ወንፊት ያለበት ዘንግ ቀስ ተብሎ ወደ ታች ይገፋና አተላውን ከሥር ይይዘዋል። በጀበናም ቡናው ከውኃው ጋራ አብሮ ይቆያል እንጂ ውኃው በላዩ አያልፍም። ልዩነቱ አተላውን ወደ ታች በሚያወርደው ነገር ላይ ነው፤ በጀበና የራሱ ክብደት ያወርደዋል፥ በፍሬንች ፕሬስ የሰው እጅ ያወርደዋል። ቡና አፍዪዋ ጀበናውን ከእሳት አውርዳ «ይስከን» ብላ የምትጠብቀውን ጊዜ ወንፊቱ አሳጥሮታል ማለት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ቡና ሙቅ ውኃ ሲያገኘው ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሰጥም። አስቀድሞ ኮምጠጥ የሚለው ጣዕምና መዓዛው፥ ቀጥሎ ጣፋጩ፥ በመጨረሻ መራራውና አፍ የሚያደርቀው ይወጣል። ስለዚህ የማፍላት ጥበብ ማለት መራራው ሳይበዛ ውኃውን ከቡናው መለየት ነው። በጀበና ሥርዓት ይህ መለያየት ሳይታሰብ ይፈጸማል፤ ቡናው ከሰከነ በኋላ ወደ ትናንሽ ስኒዎች ይቀዳል፥ በስኒ ያለውም ሳይቀዘቅዝ ተጠጥቶ ያልቃል፥ በጀበናው የቀረው አተላ ደግሞ አዲስ ውኃ ተጨምሮበት ለቶና ይሆናል። የስኒው ማነስ ለጌጥ ብቻ የመሰለው ሰው ቢኖር ይህን ልብ ይሏል። በቤት የሚሠራበት ፍሬንች ፕሬስም ቢሆን ዘንጉ ከተገፋ በኋላ ቡናው ሁሉ ወደ ፍንጃል ይገለበጣል።

በጉዞ ኩባያው ግን ማፍያውና መጠጫው አንድ ናቸው። ማፍያ የሆነ ዕቃ ሥራውን ሲጨርስ ቡናውን መልቀቅ አለበት፤ መጠጫ የሆነ ዕቃ ግን ያዡ ቀስ እያለ እንዲጠጣ ቡናውን ለረጅም ጊዜ ማቆየት አለበት። ሁለቱ ተግባሮች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። መንገደኛው በላይ በላዩ ሲጠጣ አተላው ከሥር ሆኖ መራራውን መስጠቱን ይቀጥላል፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቍጥር፥ ኩባያው ለመጠጣት ባጋደለ ቍጥር በወንፊቱ በታችና በላይ ያለው ውኃ ይቀላቀላል። ይልቁንም ለምስጋና የተሠራው ድርብ ግድግዳ ሙቀቱን ስለሚጠብቅ አተላው ሳያቋርጥ እንዲሠራ ይረዳዋል፤ በተራ ብርጭቆ ቢሆን ኖሮ ቡናው በርዶ ነገሩ በዘገየ ነበር። ይህን የተረዱ አንዳንድ ሠሪዎች ሁለት ደቃቅ ወንፊት ደርበው፥ በዳሩም ጎማ አድርገው አተላውን ለመዝጋት ሞክረዋል። ይህ ነገሩን ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አያቆመውም።

መላው እንግዲህ ከዕቃው ይልቅ በያዡ እጅ ነው። አንደኛው የአፈጫጨቱ ነገር ነው። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ለጀበና የሚስማማ ሲሆን ለዚህ ዕቃ አይሆንም፤ ዘነዘናው አንዱን ክፍል ዱቄት፥ ሌላውን ክፍል ስባሪ ስለሚያደርገው ዱቄቱ ፈጥኖ ይመራል፥ በወንፊቱም ቀዳዳ ያልፋል ወይም ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ቀዳዳው ሲደፈን ዘንጉ አልገፋ ይላል፤ በጉልበት ሲገፉት ደግሞ የፈላው ውኃ በዳር ፈንጥቆ እጅን ያቃጥላል። ቡናው ከቅንጬ የደቀቀ ከዱቄት የሻከረ ሆኖ፥ ሁሉም እኩል እንዲሆን በወፍጮ ቢፈጭ ይሻላል። መጠኑም 350 ሚሊ ሊትር ለሚይዝ ኩባያ 20 ግራም ያህል ነው፤ ይህ በሾርባ ማንኪያ ወደ አራት ይሆናል። ጊዜውን በሚመለከት፥ ዘንጉ ከተገፋ በኋላ ቡናው በሩብ ሰዓት ወይም በሃያ ደቂቃ ውስጥ ቢጠጣ መልካም ነው። መንገዱ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ባዶ ፔርሙስ ይዞ፥ ቡናው እንደ ደረሰ ወደዚያ ገልብጦ አተላውን መለየት ይሻላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ሁለት ዕቃ ተሸከመ ብሎ የሚስቅበት ይኖራል፤ ዳሩ ግን ከሁለት ሰዓት በኋላ ጥሩ ቡና የሚጠጣው እርሱ ነው።

የውኃው ሙቀትም የሚታሰብ ነገር ነው። ቡና በደንብ የሚወጣው ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውኃ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ስላለች በዚያ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ እንደ ፈላ ወዲያው ቢፈስበት ተገቢ ነው፥ ቢያቆዩት ግን ይበርዳል፥ ቡናውም ሳይወጣ ይቀራል። በባቡር ወደ ጅቡቲ የወረደ ሰው ግን ከባሕሩ ዳር ውኃው በ100 ዲግሪ ስለሚፈላ ከእሳት አውርዶ ጥቂት ማቆየት አለበት። ያው አንድ ሰው፥ ያው አንድ ኩባያ፥ ያው አንድ ቡና ሆኖ ሳለ በአንዱ ከተማ የጣፈጠው በሌላው የሚመርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ክዳኑን በሚመለከት ደግሞ ውኃው ገና ሲፈላ አጥብቆ ዘግቶ መነቅነቅ አደገኛ ነው፤ እንፋሎቱና ገና ከተቆላ ቡና የሚወጣው አየር በውስጥ ታፍነው ክዳኑ ሲከፈት ፊት ላይ ይረጫሉ። ኩባያውን እስከ አፉ መሙላትም ለዚሁ አደጋ ያጋልጣል።

ስለ ጤና የተገኘውን ዕውቀት ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። በሰሜን ኖርዌይ በትሮምሶ ከተማ የተደረገ ትልቅ ምርመራ ውጤቱ በ1983 ሲታተም፥ ብዙ ቡና የሚጠጡ ሰዎች በደማቸው ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በተደረገ ምርምር ነገሩ ከአፈላሉ ጋራ የተያያዘ መሆኑ ታወቀ፤ በቡና ዘይት ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ነገር አለ፥ የወረቀት ማጥለያ ይይዘዋል፥ የብረት ወንፊት ግን ያሳልፈዋል። ስለዚህ የፍሬንች ፕሬስ ቡና በወረቀት ከተጠለለው ይልቅ ይህ ነገር ይበዛበታል። ጀበናም በወረቀት ስለማይጠለል ከዚህ ነጻ ነው አይባልም፤ ነገር ግን አንድ ስኒና አንድ ባለ 350 ሚሊ ሊትር ኩባያ እኩል አይደሉም። በቀን አንድ ጊዜ ለሚጠጣ ጤነኛ ሰው ብዙ የሚያሠጋ አይሆንም፤ ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሰው ግን በቀን ሦስትና አራት ኩባያ ከመልመዱ በፊት ሐኪሙን ቢጠይቅ ይበጀዋል።

አንዳንድ ሽማግሌዎች ይህን ዕቃ ሲያዩ የቡናን ማኅበር የሚያፈርስ ነው ብለው ይከሱታል። ቡና ጎረቤት የሚጠራበት፥ የተጣላ የሚታረቅበት፥ የልጅ ነገር የሚመከርበት ሲሆን ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ኩባያ ታቅፎ መሄድ ያሳዝናቸዋል። ሐዘናቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ክሱ በዕቃው ላይ ሊሆን አይገባም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በታክሲና በመኪና ማቆሚያ ሥራ ሌሊቱን ሲሠሩ የኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማን ጎረቤት ተጠርቶ ከማን ጋራ ቡና ይጠጣል? የዚያ ሰዓት ቡና ለእንቅልፍ መከላከያ ነው። ክስ የሚገባው ጎረቤቱ በር ላይ ቆሞ፥ ጀበናውም በቤቱ ተቀምጦ ሳለ፥ ለማጠቡና ለመጠበቁ ሰንፎ ወደ ኩባያው የሚዞረው ሰው ላይ ነው።

የአያያዙ ነገር ጥቂት ነው። ወንፊቱ ተፈትቶ በየጊዜው ካልታጠበ የቡናው ዘይት በሽቦው ላይ ቆይቶ ይከረፋል፥ የነገውንም ቡና ያበላሻል። ወተት ከፈለጉ ከኩባያው ውስጥ ሳይሆን በሌላ ዕቃ ቢጨምሩ ይሻላል፤ ወተት በወንፊቱና በጎማው መካከል ከገባ ሽታው አይለቅም። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው በብዙ ጣቢያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ፈሳሽ በፍተሻ ስለማያልፍ፥ ኩባያውን ባዶ፥ የተፈጨውንም ቡና ደረቁን በሌላ ዕቃ አድርጎ ይዞ፥ ሙቅ ውኃውን ከፍተሻው ወዲያ ቢጠይቅ ይገባል። አተላውን በመታጠቢያ ገንዳ መድፋት ቱቦውን ይደፍናልና፥ በወረቀት ጠቅልሎ ከቆሻሻ ማኖሪያ መጣል ወይም ባገኙት የአበባ መደብ ላይ መበተን ይቻላል።