ዳኛውም ግብር ሰብሳቢውም አንድ ሰው፦ የኬንያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ስለ ፍርድና ስለ ገንዘብ የተከራከረባቸው ዓመታት

በብሪታኒያ አገዛዝ ዘመን የኬንያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ስለ ፍርድ ቤቶች መሻሻል ያደረጋቸው ክርክሮችና ስለ መንግሥት ወጪ ያደረጋቸው ክርክሮች በተለያዩ ቀናት፣ በተለያዩ አርእስት ቢካሄዱም፣ ጎን ለጎን ሲነበቡ ከአንድ ጉዳይ የወጡ መሆናቸው ይታያል፤ ቀጥተኛውን ግብር በአብዛኛው የሚከፍለው አፍሪካዊ ለመንግሥት ብዙ ወጪ በማያስከትለው ችሎት ይዳኝ ነበር፣ ያ ችሎት ይሻሻል የሚል ሐሳብ በተነሣ ጊዜም ወጪው አይቻልም የሚለው መልስ ከሌሎቹ መልሶች ጋር ተሰልፎ ይጠብቀው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ምክር ቤቱ በኦገስት 1907 ናይሮቢ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበሰብ አብዛኛዎቹ አባላት በሥልጣናቸው የተቀመጡ የመንግሥት ሹማምንት ሲሆኑ፣ ሹመት ከሌላቸው ጥቂት አባላት መካከል ዋነኛው የሰፋሪ ነጮች መሪ ሎርድ ዴላሜር ነበር። ሕንዳዊው ነጋዴ ኤ. ኤም. ጂቫንጂ ጥቂት ዘግይቶ ተሾመ። በ1919 በወጣው ሕግ አውሮፓውያን ብቻ አሥራ አንድ ተወካዮች እንዲመርጡ ሲፈቀድላቸው፣ ለአፍሪካውያን ከ1924 ጀምሮ የተሰጣቸው ስለ እነርሱ የሚናገር አንድ የስኮትላንድ ሚሲዮናዊ፣ ዶክተር ጆን አርተር ነበር። ከአፍሪካውያን መካከል የመጀመሪያው አባል ኤሊዩድ ማቱ የተሾመው በ1944 ነው። እስከ 1948 ድረስ የድምፅ ብልጫው የሹማምንቱ ስለ ነበር መንግሥት የፈለገውን ሕግ ማጽደቅ ይችል ነበር፤ ይሁን እንጂ ሰፋሪዎቹ በምክር ቤቱ ድምፅ ባያሸንፉም በኮሚቴ፣ በጋዜጣና በለንደን ወዳጆቻቸው በኩል ያሸንፉ እንደ ነበር የግብሩ ታሪክ ያሳያል።

የፍርዱን ሁኔታ ለመረዳት ምክር ቤቱ በተቋቋመበት በዚያው ዓመት የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በማርች 1907 የሰፋሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ኢዋርት ግሮጋን፣ እኅቱ የተሳፈረችበትን ሪክሾ (በሰው የሚጎተት ጋሪ) ሲጎትቱ አንገላቷት ያላቸውን ሦስት የኪኩዩ ተወላጆች በናይሮቢ ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ የከተማው ዳኛ እየተቃወመ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ እያየ ገረፋቸው። የተከሰሰው በሕገ ወጥ ስብሰባ ሲሆን የተፈረደበትም የአንድ ወር እስራት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ይኸው ሰው የሕግ አውጪው ምክር ቤት አባል ሆኖ ስለ ሕግና ሥርዓት ተናግሯል።

በሥራ ላይ የነበረው የወንጀል ሕግ የሕንድ ነበር። የብሪታኒያ ሹማምንት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲመጡ ማኮሌ ያረቀቀውንና በ1860 በሕንድ የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ከሥነ ሥርዓቱና ከማስረጃ ሕጉ ጋር ይዘው መጡ፤ ሰፋሪዎቹም በሕንድ ሕግ መዳኘታቸውን እንደ ውርደት ቆጥረው የእንግሊዝ ሕግ ይሰጠን እያሉ በ1920ዎቹ ደጋግመው ጠየቁ። ከለንደን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የመጣላቸውና በ1930 የጸደቀው ሕግ ግን የትውልድ ሐረጉ አስገራሚ ነው፤ ሳሙኤል ግሪፊዝ ለአውስትራሊያዋ ክዊንስላንድ አርቅቆት በ1899 የወጣው ሕግ በ1904 ወደ ሰሜን ናይጄሪያ ተሻገረ፣ ከዚያም ተሻሽሎ ምሥራቅ አፍሪካ ደረሰ። የለንደንን ሕግ የጠየቁ ሰዎች ከክዊንስላንድ ተነሥቶ በናይጄሪያ በኩል የዞረ ሕግ ተሰጣቸው ማለት ነው።

ሕጉ ከየትም ይምጣ፣ የሚዳኘው ሰው ማንነት ችሎቱን ይወስነው ነበር። አውሮፓዊ ተከሳሽ በከባድ ወንጀል ሲቀርብ ጁሪ፣ ማለትም ከመሰሎቹ ከአውሮፓውያን የተመረጠ የፍርድ ሸንጎ፣ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ይወስንለታል፤ አፍሪካዊ ግን በዳኛና አሰሰር በሚባሉ አማካሪዎች ፊት ይቀርባል፣ ዳኛውም የአማካሪዎቹን አስተያየት የመቀበል ግዴታ የለበትም። በ1923 ኪቶሽ የተባለ የእርሻ ሠራተኛ ፈረሷን እየጎተተ እንዲሄድ ታዝዞ ሳለ ተቀምጦባት በመታየቱ ተገረፈ፣ ታስሮም በመጋዘን ውስጥ አደረ፣ በዚያችው ሌሊትም ሞተ። ለተከሳሹ የቀረቡ ሐኪሞች ሟቹ ለመሞት በመፈለጉ ሞተ የሚል ምስክርነት ሰጡ፤ የአውሮፓውያኑ ጁሪም ከባድ የአካል ጉዳት ማድረስ ብሎ ስለ ወሰነ ሰፋሪው ሁለት ዓመት ታሰረ።

እንዲህ ያለው ጉዳይ ግን ጥቂት ነው። የብዙኃኑ ፍርድ በአውራጃው ኮሚሽነር ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅ ነበር፤ ኮሚሽነሩ የአውራጃው አስተዳዳሪ፣ የጎጆና የራስ ግብር ሰብሳቢና የወንጀል ዳኛ በመሆኑ፣ ግብር ባለመክፈል የሚያስከስሰው ሰው በሚቀጥለው ሰዓት በፊቱ በተከሳሽነት ይቆማል። ኪፓንዴ የተባለው የመታወቂያና የሥራ መዝገብ ወረቀት፣ አዋቂ ወንድ አፍሪካዊ ሁሉ ይዞት እንዲዞር የተገደደበት ወረቀት፣ ከ1919 በኋላ በስፋት ሲሠራበት ችሎቱ ወረቀት ባልያዙና ከአሠሪ በጠፉ ሰዎች ተጨናነቀ።

ለዚህ ጽሑፍ ማብራሪያ ከሰጡት መካከል አባታቸው የጎሣ ችሎት ሽማግሌ የነበሩ አንድ ጡረተኛ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ፣ አባታቸው ከክሱ ቃል በፊት የግብር ደረሰኝ ይጠየቅ እንደ ነበር ይነግሯቸው እንደ ነበር ያስታውሳሉ፤ ደረሰኝ የሌለው ሰው ከሳሽም ሆኖ ቢመጣ ተከሳሽ ሆኖ ይመለሳል፣ ስለዚህም በሬው የተሰረቀበት ገበሬ አቤት ከማለት በሬውን መተው ይመርጥ ነበር ይላሉ። እኚሁ አዛውንት ኮሚሽነሩ ወንበሩን ሳይቀይር ባርኔጣውን ብቻ አውልቆ ዳኛ ይሆናል የሚለውን የአባታቸውን አነጋገር ደጋግመው ያነሡታል። የእነዚያ ችሎቶች መዝገቦች አሁን የት እንዳሉ የተጠየቁ አንድ የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ግን ደብዳቤ ይምጣ ከማለት በቀር መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆኑም፣ ደብዳቤው ከቀረበም በኋላ አልመለሱም።

ወደ ገንዘቡ ሲዞር፣ የጎጆ ግብር በ1901 ከተጣለ በኋላ የራስ ግብር ተጨምሮበት በ1920 ወደ አሥራ ስድስት ሺሊንግ ከፍ አለ። ለሰፋሪዎች የታሰበው የገቢ ግብርም በ1921 ታወጀ፤ ነገር ግን ሰፋሪዎቹ በአንድነት ስለ ተቃወሙትና የኢኮኖሚው ድቀት ስለ ረዳቸው በቅኝ ግዛቱ ዋና ጸሐፊ በቻርልስ ቦሪንግ የተመራው ኮሚቴ እንዲሻር አሳሰበ፣ በማግሥቱ ዓመትም ተሻረና ጉድለቱ በጉምሩክ ቀረጥ ተሞላ። የአፍሪካውያኑ ግብር ወደ አሥራ ሁለት ሺሊንግ የወረደበት መንገድ የተለየ ነው። ግብሩን፣ ኪፓንዴውንና የደመወዝ ቅነሳውን የተቃወመው ሃሪ ቱኩ በማርች 1922 ታሰረ፤ ይፈታልን ብሎ በናይሮቢ ፖሊስ ጣቢያ ፊት በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተተኩሶ በመንግሥት ቁጥር ብቻ ከሃያ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ቱኩም ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ወደ ኪስማዩ ተጋዘ። ከሁለቱ ግብር ከፋዮች አንደኛው በኮሚቴ፣ ሁለተኛው በሬሳ ተሰሙ ማለት ከእውነቱ አይርቅም።

ወደ ፍርዱ ሲመለስ፣ በ1930 የወጣው የተወላጆች ችሎት ድንጋጌ የጎሣ ሽማግሌዎች የሚዳኙበትን ችሎት ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነጥሎ ይግባኙን ወደ አስተዳዳሪዎቹ መራው፣ ጠበቃም እንዳይቆምበት ከለከለ። ይህን አካሄድ የሕግ ባለሙያዎች ሲነቅፉ፣ አስተዳዳሪዎቹ ደግሞ አፍሪካዊው የማስረጃ ሕግ ውስብስብነት አይገባውም፣ ቅጣት ሳይዘገይ ሊደርስበት ይገባል እያሉ ሲከራከሩ ከቆዩ በኋላ፣ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩ የሕግ አማካሪ ሰር ግራታን ቡሽ የመሩት ኮሚሽን በ1933 ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን መረመረ። በማግሥቱ ዓመት የታተመው ሪፖርት ለሕግ ባለሙያዎቹ በማድላት ከባድ ወንጀሎች በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር እንዲሆኑ፣ የአስተዳዳሪዎቹም የዳኝነት ሥልጣን በሙያ ዳኞች እንዲተካ አሳሰበ። ገዥዎቹ የኮሚሽነሩ ክብር በሕዝቡ ዘንድ ይቀንሳል፣ ለአዳዲስ ዳኞችም ወጪው ከባድ ነው ብለው ስለ ተቃወሙ ዋናው ሐሳብ ሳይፈጸም ቀረ። በዚያው አሥር ዓመት ግን በኸርበርት ቤከር ቢሮ የተነደፈው የናይሮቢ ፍርድ ቤት፣ ዛሬ የኬንያ ሱፕሪም ኮርት የሚሰየምበት ባለ ድንጋይ ሕንጻ፣ ተሠርቶ ቆመ።

ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በ1932 የመረመሩት ሎርድ ሞይን፣ አፍሪካውያን ከሚከፍሉት አንጻር የሚያገኙት አገልግሎት እጅግ ጥቂት መሆኑን፣ ለአውሮፓውያን የሚደረገው ወጪ ግን ከክፍያቸው በላይ መሆኑን አመልክተው የገቢ ግብር እንዲጣል ደገፉ። ዴላሜር ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ሞተ ሰፋሪዎቹን በምክር ቤቱ ይመሩ የነበሩት ሎርድ ፍራንሲስ ስኮት ነበሩ፤ የገቢ ግብሩ ሐሳብ ቀርቶ ሌሎች ቀላል ግብሮች ተተኩበት። ሰር አለን ፒም በ1936 ሁኔታውን እንደገና ከመረመሩ በኋላ በ1937 የገቢ ግብሩ በመጨረሻ ጸደቀ፣ ይኸውም ከተሻረ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው።

ፍርዱ ግን ከግብሩም ይበልጥ ዘገየ። አርተር ፊሊፕስ በ1945 ባቀረቡት ጥናት ሁለቱ የፍርድ ሥርዓቶች ወደ አንድ እንዲመጡ ሐሳብ ሰጡ፣ በ1951 የወጣው ሕግ የተወላጆቹን ችሎት የአፍሪካ ፍርድ ቤት ብሎ በመጠኑ አደራጀው፣ የመጀመሪያዎቹ በምርጫ የተሰየሙ ስምንት አፍሪካውያንም በ1957 ምክር ቤት ገቡ። ሁለቱ ችሎቶች በአንድ ሥርዓት ሥር የተጠቃለሉት ኬንያ ነፃ ከወጣች ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1967 በጸደቀው የማጅስትሬት ፍርድ ቤቶች ሕግ ነው።